የሩቁ እጅ

ግሮኒንገን ከተማ፣ ኅዳር ሊያልቅ ሲል፣
ሌሊቱ ሳይለቅ፣ ጎህ ሳይቀድ በውል፣
ጉም አይሉት ዝናብ፣ ዝናብ አይሉት ካፊያ፣
መንገዱ ጠበበ፣ ጠፋ የዓይን ማረፊያ።

ቼርድ አበባ ያድላል። ነጭ ቫኑን አቁሞ
የቀረውን ባልዲ ቆጠረ ደጋግሞ፤
አምስት ደጅ ይቀራል፣ ሰዓት ሄዶበታል፤
የጎን መስታወቱን ጠብታ አልብሶታል፤
ማን ይጠርገው ብሎ፣ በቅርቡ፣ በግራ እጁ
ገፋ አደረገው በሩን ወደ ደጁ።

ሂልከ ከሆስፒታል፣ ሌሊት ስታስታምም
አድራ፣ ዓይኗ ከብዶ፣ ቤቷ ልትጋደም
ቀዩን አስፋልት ይዛ ትጋልባለች ፈጥና።
መብራቷ ሞቶባት ሦስት ቀን ሆነና
«ነገ እገዛለሁ ባትሪውን» ትላለች፤
«አምስት ደቂቃ ነው ቤቴ» ብላ ታልፋለች።

ሦስተኛው ኦከ ነው፣ ጡረታ የወጣ፤
ከእኔ ዳቦ ሊገዛ ማልዶ የመጣ።
ዜብራው ሃያ እርምጃ ወደዚያ እያለለት
ስልኩን እያነበበ፣ እግሩ እንዳመራለት
ቀዩ ላይ ገባ።
ሂልከ አየችው። አጠፈች።
ከእሱ ስትሸሽ ወደ በሩ ከነፈች።

የቆርቆሮ ድምፅ። ከዚያ ሌላ ድምፅ።
ከዚያ ጸጥታ፣ እንደ ባዶ ገጽ።
ጎማዋ ለብቻው ዞረ፣ ዞረ፣ ዞረ፤
የደወሏ ክዳን ከቦዩ ውስጥ ቀረ።

አልሞተችም። ይህን ቀድሜ ልንገራችሁ፣
ሙሾ የማወርድ እንዳይመስላችሁ።
ትከሻዋ ነበር፤ ሁለት ቦታ ተሰብሮ
በብሎን ተጠግኖ፣ በጨርቅ ታስሮ፤
ዛሬም ዝናብ ሲመጣ፣ ከትንበያው ቀድሞ
ይነግራታል ጧት፣ ዓመት እንኳ ከርሞ።

ፖሊሷ መጣችና ደብተር ገለጠች፤
«ጥፋቱ የማን ነው?» ብላ ጠየቀች።
ቼርድ፦ «መብራት የላትም፣ በምን አያታለሁ?»
ሂልከ፦ «ሰው ገባብኝ፣ የት እገባለሁ?»
ኦከ፦ «እኔ እግረኛ ነኝ፣ ማንን እገጫለሁ?»
ሦስቱም እውነት ናቸው። ግና አንዱ ለብቻው
አንድ እግር በርጩማ፤ አይቆምም መቀመጫው።

እኔስ? ዳቦ ጋጋሪው፣ ያየሁ በመስኮቴ?
ከዜብራው ጫፍ ላይ ቆሞ የነበረው፣ የቤቴ
የዋጋ ሰሌዳ፣ መሻገሪያ የዘጋ፣
ማንም አልጠየቀኝ። አነሳሁት ሲነጋ።

ሕጉማ ፈረደ፦ «ብረት የለበሰ
ለሥጋ ይጠንቀቅ»፤ ቼርድን ወቀሰ።
ከፈለ። ካሳው ግን፣ ተከፍሎም ሲያልቅ፣
ሌሊት ያንን ድምፅ ከጆሮ አያርቅ።

አበባ ይዞላት ቤቷ ሄደ አንድ ቀን፤
«አበባስ ሞልቶናል ሆስፒታላችን»
አለችው፤ «ይልቅስ ቫንህ ውስጥ ተቀመጥ፤
በቀኝህ ክፈተው፣ በሩቁ፤ አትፍጠጥ።»

ቀኝ እጅ ደረትን አቋርጦ ሲሄድ
ትከሻ ይዞራል፣ ሳይወድ በግድ፤
አንገት ይከተላል፣ ዓይንም ከአንገት ጋር፤
ይገለጣል ያኔ የኋላው ነገር።
በሩ ሳይከፈት ሰውዬው ይከፈታል።
የቅርብ ጠበል እኮ ልጥ ይነከርበታል፤
የቅርብ እጅም እንዲሁ፣ ሰው ይሰበርበታል።

ኦከ ወደ ዜብራው ጮክ ብሎ ይቆጥራል፤
ሃያ ነው ይላል፤ ሃያ ሦስት ይሆናል።
አንዳንዴ ይረሳና ቀዩን ይረግጣል፣
ይደነግጣል፣ ራሱን ይቆጣል።
ሂልከ ፊትና ኋላ መብራት አሰረች፤
ደወል ግን እስካሁን አልገዛችም፤ ታፏጫለች።

ትናንት ጧት ዘነበ። ቫኑ ከቦዩ ዳር።
ቼርድ በቀኝ እጁ ሊከፍት ሲሞክር
ከኋላ አንድ ብርሃን፣ ጭላንጭል የምታህል፣
መጣች።
ቆየ። ክንዱ ደረቱ ላይ፣ ሰው ሊምል
እንደሚያደርገው።
ሂልከ አልነበረችም፤ የማያውቃት ልጅ፣
ሳታየው አለፈች ያንን የሩቅ እጅ።