ጉድጓዱን ድፈነው

ሂውረን ሐይቅ ሌሊቱን ሲያጓራ ካደረ፣
ጎድሪች ላይ ለእኛ ቢጤ በዓል ተከበረ።
አሸዋው ተገልብጦ፣ ሆዱን አሳይቶ፣
የአምና የካቻምናው ወደ ላይ ወጥቶ፤
እኔ ከጨው ማዕድን ሌሊት ሠርቼ አድሬ፣
ፊቴን ሳልታጠብ ቦቲዬን ቀይሬ፣
ዩጌት ከነፔርሙዟ፣ ዴልበርት ከነሳሉ፣
ኦርቪል ቀድመው ደርሰው «አረፈዳችሁ» ሲሉ።

ድሮ እህል ሲጭኑ ወደቡ ላይ ኖሩ፣
ሠላሳ ዓመት ደግሞ መሬት ሲያናግሩ።

«አትሩጥ» አሉኝ ያኔ፣ ገና ስጀምር፤
«መሬት የሚያወራው ለሚያዘግም እግር።
ሰሃኑን አውርደው፣ አሸዋውን ይልሰው፤
ያለፍክበትንም ግማሹን ዳብሰው።
ሚስማር ያጉረመርማል፣ ውሻ ነው የተኛ፤
ቆርኪ ቀላማጅ ነው፣ ያወራል ብርኛ።
የጣሳ ጆሮና የወርቅ ቀለበት
ማሽኑ ፊት እኩል ናቸው፣ ቁጥራቸው አንድ ዓይነት፤
ቆሻሻ ሰልችቶህ አልቆፍርም ካልክ፣
ቀለበቷን ትተህ በላይዋ አለፍክ።
ሣሩን በግማሽ ክብ ቆርጠህ ግለጠው፣
እንደ መጽሐፍ ገጽ፤ ስትጨርስ ገልብጠው።
ደግሞ ጉድጓድህን ድፈነው፣ ድፈነው!
የልጅ ቁርጭምጭሚት የሚሰበር በሱ ነው።»
ዩጌት ጣልቃ ገባች፦
«የሰው ማሳ ከሆነ መጀመሪያ አንኳኳ፤
'እሺ' ካላለህ ግን አንዲት አፈር አትንካ።»

ዘንድሮ የኦርቪል ጆሮ ደረጃ ወረደ፤
ቀጭን ቀጭኑ ድምፅ መንምኖ ሄደ።
የብረት ጉርምርምታ ይሰማቸዋል፤
የብር እልልታ ግን በላያቸው ያልፋል።

አልነገሩንም።
እኛም አልጠየቅንም።
አንድ ቀን ግን ሰሃናቸው ያለፈባት ቦታ
ከኋላ ስደርስ፣ ማዳመጫዬን ሞላችው በጩኸቷ፦
አስር ሳንቲም፣
መርከብ ያለባት፣ ከድሮዎቹ፣ ከእውነተኛ ብር።
ዴልበርት አየኝ፣ ዩጌት አየችኝ፣ ማንም ምንም ሳይናገር።

በቅንድብ ተማከርን።
ቅዳሜ ማለዳ፣ ሣርና አሸዋ በሚገናኙበት፣
ዴልበርት ሳንቲሟን ቀበራት
ከትልቅ ዝገት ጋር አብሮ፣
እንዲሰማው የኦርቪል ጆሮ።

መጡ። ጠረጉ። ቆሙ። ተንበረከኩ።
አካፋቸው ገባ፤ ከዚያ እጃቸውን ሰበሰቡ።
አፈሩን ዳበሱት። አነሱት። አሸተቱት።

ረስቼው ነበር! ያስተማሩኝ እኮ እሳቸው ናቸው፦
«አንዴ የተቆፈረ አፈር ይለሰልሳል፣
ከጎረቤቱ ጋር መልኩ ይለያያል።
መሬት ያቆየው ብር ጥቁር ነው እንደ ከሰል፤
ነጭ ሆኖ ከወጣ፣ ሰው ነው ያኖረው በል።»

ሳንቲሟ ነጭ ነበረች።
ዴልበርት፣ ሞኙ፣ በሳሙና አጥቧት ነበር!

ኦርቪል ቀና አሉ፤ አንድ በአንድ አዩን፣ ሦስታችንንም።
«ብር ናት» አሉ። «ይገርማል።»
ኪሳቸው ከተቷት።
ጉድጓዱን ደፈኑት፣
እንደ ሕፃን ጀርባ በመዳፋቸው ቸብ ቸብ እያደረጉ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው።
ማዕድኑ ሠራተኛ ሊቀንስ፣ ስሜ ከተቀናሾቹ ዝርዝር ወጥቷል።
እግሬ ነው የመጣው፤ ልቤ ቤት ቀርቷል።
ኦርቪል በአገጫቸው አሳዩኝ፦ «እስቲ እዚያ ሞክር።»
ሰሃኔን ሰደድኩ። እልል አለ።
አፈሩ ለስላሳ ነው።
ዝገት አጠገቧ የለም፤ ለእኔ ጆሮ ዝገት አያስፈልግም።
መርከቧ። ያችው።

ቀና ስል ሐይቁን ነው የሚያዩት፣ ጨው የጫነ መርከብ ሲወጣ።
«ብር ናት» አልኩ። «ይገርማል።»
«ምን አልክ?» አሉኝ፣ መዳፋቸውን ከጆሯቸው አስጠግተው።
ጮኬ ደገምኩት።
ራሳቸውን ነቀነቁ፦ «ጉድጓዱን ድፈነው።»

ዩጌት ሰሞኑን ዝምታ አብዝታለች፤
ሳንቲሟ እኔ ኪስ ውስጥ አለች።
ቅዳሜ ማንም ሳይመጣ እደርሳለሁ።
አላጥባትም።