አቦ፣ ፈረሱን ተወው

አሥር ሰዓት ሲሆን፣ ሙቀቱ ሲበርድ፣
የሱቄን ቆርቆሮ ግማሹን ሳወርድ፣
የሰው ማቀዝቀዣ ሆዱ እንደተከፈተ፣
ሞተሩ መሬት ላይ እንደተጎለተ፣
ስልኬን አስደግፌ ከባዶ ጋዝ ጣሳ፣
በረዶ በሚጥል አንድ ሩቅ ከተማ
ቁጭ እላለሁ፣ ሁለት ሰው ዝም ሲባባል ልሰማ።

አንዱ ሰዓቱን ያያል። አንዱ ውሃ ይጎነጫል።
ከደጄ ባጃጅ ይጮኻል፣ ለውዝ ሻጭ ይጣራል።
እዚያ ግን ጸጥታው ራሱ ገንዘብ ነው፤
ሰከንድ በሰከንድ የሚመነዘረው።

ሮብሌ ይመጣል፣ የባቡር ጡረተኛው፤
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ተሳፋሪ ሲያስረፍድ ኖሮ
አሁን እኔን ያስረፍዳል፣ ጠጠሩን በካልሲ ቋጥሮ።
አንድ ጥቁር ወታደር ከጠፋ ቆይቷል፤
በፈንታው የለስላሳ ቆርኪ ይዘምታል።

ከማዶ አንድ ጠጠር ሲነሣ እኛም እናነሣለን።
ከዚያ ክርክር ነው።
«ግንቡን ነበር እኮ!» «ኧረ ወታደሩን!»
«ይሄ ልጅ ምን ሆኗል? ዛሬ ጤናም የለው!»
ድሬ ላይ አንቱ የለም፤
የዓለም ሻምፒዮንም አንተ ነው የምንለው።
እኔ፣ በሳቢያን ውድድር ሰባተኛ የወጣሁ፣
ከስምንት ሰው መሃል
(ስምንተኛውን ወባ ይዞት ቀርቷል)፣
ለግራንድ ማስተሮች ምክር እሰጣለሁ።

ሠላሳ አራተኛው ላይ ልጁ እጁን ዘረጋ፣
ወደ ፈረሱ ጆሮ ቀስ ብሎ ተጠጋ።
ሮብሌ ተነሣ፣ ጉልበቱን እንደማያመው፤
ጮኸበት በስልኩ፦ «አቦ! ፈረሱን ተወው!»

ያኔ መብራት ሄደ፤
ኔትወርኩም ተነሥቶ ተከትሎት ነጎደ።
የልጁ ጣት ቀረ መስተዋቱ ላይ፣
ከፈረሱ ጆሮ አንድ ጥፍር ከፍ ብሎ፣ ሳይነካ፣ ሳይለይ።

ምን ይደረግ? ሻማ።
ሮብሌ ነጩን ያዘ፣ እኔ ጥቁሩን ወረስኩ፤
ያልመለመልኩትን የማላውቀውን ጦር
ከነቆርኪው ተረከብኩ።
ያን ጊዜ ነው የገባኝ ወንበሩ እንዴት እንደሚከብድ፤
ከሩቅ ሲያዩት መንገድ፣
ሲቆሙበት ገደል።
አንዱን ላድን ስነካ ሌላው ይራቆታል፤
በስልኩ ላይ ቀላል የነበረው ሁሉ
በሻማው ዙሪያ ጥርስ ያወጣል።

ሮብሌ ላብ በላብ ፈረሱን ሲያይ ቆየ።
«ተወው» ያለውን ፈረስ።
ግንቡን ዳሰሰና ተመለሰ። ወታደሩን አየ፣ ተወ።
የቢንቢ ድምፅ ብቻ።
ከዚያ አነሣው፣ ጣቱ እየራደ፤
«ለካ ሌላ የለም» አለኝ፣ ድምፁ እየወረደ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እኔም በቅጡ አላስታውስ፤
ሻማው ጎንበስ ሲል፣ የማን ጠጠር የማን እንደሆነ
በጥላ ሲምታታ፣
እኩል ተባብለን ተውነው፣ የዋንጫ ሳይሆን የእንቅልፍ ሰላምታ።

መብራት ሲመጣ ሦስት ሰዓት አልፏል።
ሞተሩ መሬት ላይ ድንገት አጉረመረመ።
ስልኩ ዞረ፣ ዞረ፣
ከዚያ ፊቱን አበራ፦
ልጁ ፈረሱን አንሥቶ ነበር።
ተሸንፏል።
ወንበሩ ባዶ ነው፤ የጎነጨው ውሃ
ግማሹ ብርጭቆ ውስጥ ቀርቷል።

ሮብሌን ጠበቅኩት፣ «አላልኩህም?» እንዲል፤
የአፉ ወግ ነውና፣ ሲበላም ሲተኛም።
አላለም።
ጠጠሩን አንድ በአንድ ወደ ካልሲው ከተተ፣
ቆርኪውን መጨረሻ፣ በጣቱ አብሶ፣
ሰሌዳውን ከብብቱ መልሶ፣
በሩ ላይ ሲደርስ ግን ዞረ፤ ወደ ስልኩ ጎንበስ አለና፣
ለከንቲባ፣ ለሼክ፣ ለቄስ፣ ለሐኪሙም ያልሰጠውን ቃል፣
ለአንድ ፍሬ ልጅ፣
«ደህና ይደሩ» አለ።