ገጽ ስድስት

ኮዬ ፈጬ፣ ፎቅ አራት፣ ውሃ በማይወጣበት፣
ብርድ ልብስ ተከናንበን ድምፅ በምንቀዳበት፣
ውሻው ዝም እስኪል ጠብቀን፣ የታች ብየዳ እስኪያርፍ፣
መብራት ሄዶ እስኪመለስ፣ ከእጃችን ሌሊቱ ሲያልፍ፣
ለቆርቆሮ ፋብሪካው ትምህርት ሠራን፣ እኔና ምንትዋብ።

ደንበኛው፣ «የ‹ቀጥል› ቁልፍ አረንጓዴ ይሁን» አለ።
አረንጓዴ ሆነ። ክፍያው ለመጋቢት ተባለ።

ሪፖርቱ መጣ። መቶ አርባ ሰው
ቀጥል፣ ቀጥል፣ ቀጥል፤ በሦስት ደቂቃ ጨረሰው።
አንዱ ብቻ፣ ደገፋ የሚባል፣ ገጽ ስድስት ላይ ቀረ፤
ሃምሳ ደቂቃ። «ኮዱ ነው» አልን፤ ኮዱ ግን ደህና ነበረ።

ደወልኩለት።
«ማሽኑ ሥር የሣላችሁት እጅ» አለኝ፣ «ሙሉ ጣት አለው።
የኔም እንደዛ ነበር።
ቆይ፣ አልጨረስኩም፤ እያየሁት ነው።»