በባዳ ቁና

ማለዳ ከሐረጎ፣ ጉሙን እንደ ለበሰ፣
በግ የጫነ አይሱዙ፣ ኮምቦልቻ ደረሰ።
በጎቹ በፍርግርግ፣ አፍንጫ አውጥተው
ቆላውን ያሸታሉ፣ ደጋውን ትተው።
እኔ የበረዶ ሣጥን፣ መርፌና ብልቃጥ
ይዤ ቆሜያለሁ፣ ፀሐይ ሳትቀጠቅጥ።
አባ ሙሄ መጡ፣ በግ በገመድ ስበው፣
«ደሟ ምን ያደርግልሻል?» ግንባራቸውን ቋጥረው።

«መጽሐፏን ላነብ ነው» አልኳቸው።
«ሳታስፈቅጃት?»
ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም።

እንዲህ ብዬ ነገርኳቸው፦
አራት ፊደል አለው፣ ሌላ ፊደል የለው፣
ሦስት ቢሊዮን ሊደፍን፣ ጥቂት የቀረው።
ከባሕር ማዶ ያለች፣ ጭራዋ የቀጠነ፣
የአንዲት በግ ደም ነው፣ ማመሳከሪያ የሆነ።
የእኛዎቹን ሁሉ፣ በርሷ ላይ አንጥፈን፣
የገጠመው ገጥሞ፣ ያልገጠመውን
እንጥለዋለን።
ደግሞ ከመካከል፣ አይጥ የበላው የሚመስል፣
ማሽን ያቃተው ስፍራ አለ፤
ኤን ኤን ኤን ኤን ይላል ገጹ፣
በጨዋ ደንብ «አላወቅነውም» ሲል።

አባ ሙሄ ጎንበስ አሉ፤
የበጊቱን ላት በመዳፋቸው ደግፈው፣
እንደ ተኛ ሕፃን መዘኑት።
«ይኼ የት ተጻፈ? ሣር ያለቀ ጊዜ
ከገዛ ጀርባዋ የምትበላው ስንቅ፣
ከዚያች ከቀጭኗ ዘንድ ምን ብለው አሰፈሩት?»

«ከጣልነው ውስጥ ይሆናል።»

«እንግዲህ በባዳ ቁና፣ የኔን በግ ሰፍረሽ፣
ተረፈ ስትዪ፣ ጎደለ ስትዪ፣
ቁናውን አንድ ቀን፣ መች አየሽው ገልብጠሽ?»

ደሟ በበረዶ ተሸኝቶ ሄደ፤
ከመንፈቅ በኋላ፣ ፊደሏ በሃርድ ዲስክ መጣልኝ።
አሁን ብጥስጣሽ አይደለም፣ እንደ ፈትል ረጅም ነው።
ዳሩን ከዳሩ እያገጣጠምኩ፣
መብራት እየሄደ፣ ጄኔሬተሩ እያሳለ፣
ዘበኛው ጦይብ «አትሄጂም ወይ?» እያለ፣
አንድ ሌሊት፣
ኤን ኤን ኤን ከነበረበት
ዐሥራ ሰባት ሺህ ፊደል ብቅ አለ።
የላቷ ይሁን፣ ብርድ የቻለችበት፣
ወይ ምንም የማይሠራ፣ እንዲያው የተቀመጠ፣
አላውቅም።
ባዶ ግን አልነበረም።

ቅዳሜ ገበያ ወጣሁ፣ ልነግራቸው።
«ሻሾን ነው?» አሉኝ። «ለአረፋ ሸጥኳት እኮ።
ደሴ በልቷታል።»
ግንባሯ ላይ ነጭ እንደ ነበራት ያኔ ትዝ አለኝ።
ስሟንም ያኔ ሰማሁ፤
በኔ መዝገብ ወሎ ዐሥራ አራት ነበረች።

ተመልሼ ኮምፒውተሩ ላይ «ሻሾ» ብዬ ጻፍኩ።
ሣጥኑ ቀላ፦ ይህ ፊደል አይፈቀድም።
ቢሊዮኑን ሁሉ ሳያላምጥ የዋጠ፣
ሁለት ፊደል አነቀው።

ማርከር ፈለግሁ።
ፍሪዘሩን ከፍቼ፣ ከብልቃጡ ክዳን ላይ፣
ሻ ጻፍኩ፤ ቀለሙ ደረቀ፤
ሾን ሳገባ
ጣቴ ከውርጩ ጋር ተጣበቀ።