ያልቀባሽውን ይበላል

ስሙን በኋላ ነው ያወቅሁት፤ መጀመሪያ የነገረኝ አመሉን፦
«ማንኪያ እንዳታስገቢበት። ይኸው የአያንቱን
ጭልፋ እጀታውን ብቻ አስቀርቶልኛል፤ ሦስት ቀን
አላናገረችኝም።» ሳቀ ጋሽ ወርዶፋ፤ ከሳቁ በፊት ግን
መስኮቱን ከፈተ፣ ሽታው እንዲወጣ።
አዳማ ነፋስ መች አጣ!

ፈሪክ ክሎራይድ ይሉታል። ጠርሙሱ ውስጥ ሲቀመጥ ደረቅ ነው፤
የተሰበረ ጡብ ይመስላል፤ ቢጫም ቡኒም ያልሆነ መልክ አለው።
ክዳኑን ረስተሽ ካደርሽ ግን፣ በተለይ በሐምሌ፣ ከአየሩ
እርጥበት ይለምናል፤ ጠጥቶ ጠጥቶ ያለቅሳል ዳር ዳሩ።
አንድ ጠዋት ስገባ ጠረጴዛው ላይ የዛገ እንባ ተኝቶ
አገኘሁት፤ እንጨቱ ውስጥ ሰርጎ፣ እንደ ባለቤት ተዘርግቶ።
ፋቅሁት፤ አጠብኩት።
ዛሬም አለ።

መዳብ የለበሰ ሰሌዳ ሰጠኝ። በላዩ፣ በጥፍር ቀለም
መንገድ ሣልኩ፤ ቀይ፣ የእህቴ የሠርጓ፤ ሌላ አልነበረም።
ከዚህ ተነስቶ ኮረንቲው ይሄዳል፤ እዚህ ጋ ይታጠፋል፤
እዚህ ትንሽ ይጠብቅና በጠባቧ ድልድይ ያልፋል።
«የቀባሽው ይተርፋል» አለኝ፤ «ያልቀባሽውን ይበላል።
ወዳጅ ጠላት አይለይም፤ ባዶ ቦታ ካየ ይገባል።»

ሳህኑን ደጅ አወጣነው፤ ሲሞቅ ይፈጥናል፤ የስድስት ሰዓት ፀሐይ
ሥራውን ያዘ። ጎማ ጓንት አጥልቄ፣ ቁልቁል እያየሁ፣ ሳላወላውል
እንደ ሕፃን አልጋ ወዘወዝኩት።
እሳት የመሰለ ነገር ነበር የጠበቅኩት፣ የሚጮህ፣ የሚፈላ፤
ይኼ ግን ዝም ብሎ ነው የሚበላ።
መዳቡ መጀመሪያ አበባማ ሆነ፤ ደበዘዘ፤ ከዚያ የለም።

አንዷ መስመር ላይ ቀለሙ ሳስቶ ኖሯል። እኔ አላየሁም፤ እሱ አየ።
ፀጉር በማታህል ክፍተት መንገዱ ከመንገዱ ተለየ።
ሰሌዳው የመናኸሪያው ድምፅ ማጉያ ነው፤ «አሰላ! ሞጆ! መተሐራ!» የሚለው፤
ቀጠሮው ነገ ጠዋት። አላለቀስኩም፤ ጠርሙሱ ነው የሚያለቅሰው።
ጋሽ ወርዶፋ መበየጃውን አግሎ አንዲት የሊድ ጠብታ ጣለባት።
«ሰውም እንዲሁ ነው እንዳልልሽ» አለ፣ እፍ እያለባት፣
«ሰው እንዲህ አይደለም። ይኼ ሰሌዳ ነው። ሰሌዳ ይጠገናል።»

የአያንቱ ወንድም ፈዬራ ውሃ ማጣሪያ ነው ሥራው፤
እሑድ መጥቶ በሩ ላይ ሲቀመጥ የሚያወራው
ስለዚሁ ነበር፦ «ያንተ በላተኛ እኛ ጋ ሰብሳቢ ነው፤
ድፍርስ ውሃ ላይ ጠብ ሲል ጭቃው እንደ አይብ ይረጋል፤
አንዱ ሌላውን አቅፎ፣ ለቅሶ ቤት እንደሚገባ ሰው፣ ወደ ታች ይወርዳል።
ላዩ ጠርቶ ይቀራል።»
ድሮ ቁስል ላይም ያደርጉት ነበር አለ፤ ደም ያቆማል።
ጋሽ ወርዶፋ ጣቶቹን አየ። ጥፍሮቹ ዙሪያ ቡኒ ናቸው።
«የኔን ደም አላቆመም» አለ፣ «ሸሚዜን ነው የጨረሰው።»

ሲያረጅ ይለመልማል፤ አረንጓዴ ይሆናል፤ መዳብ ጠግቦ ሥራ ይፈታል።
ቦይ ውስጥ አይደፋም። «ታች ያለው ሰውዬ ከብቱን ያጠጣል»
ብሎ በኖራ አርግቶ፣ በሲሚንቶ ለውሶ፣ ሳጥን ውስጥ ገልብጦ አደረቀው።
የሱቁ ደረጃ እሱ ነው። የገባ ሁሉ የሚረግጠው።

አሁን ቁልፉ እኔ ጋ ነው። አያንቱ ሸሚዙን ሰጠችኝ፤
በሎሚ አሽቼ አሽቼ፣ ክንዴን እስኪያመኝ፣
አንገትጌው ላይ ያለችው ነጥብ አልለቀቀችም። ተውኳት።
ጠርሙሱን ማታ ማታ ሁለቴ እከድናለሁ፤
በሐምሌ ሦስቴ።

ትናንት መናኸሪያ ነበርኩ። ድምፅ ማጉያው አሰላን ጠራ፣ ሞጆን ጠራ፤
ትንሽ ስንጥቅ ይላል፣ ሲደርስ «መተሐራ» ጋ።
ሰው ሻንጣውን አንስቶ ሮጠ፤ ማንም ልብ አላለም።
እኔ የት ጋ እንደሆነ አውቃለሁ።