ጴጥሮስ በርዶት ነበር

ጴጥሮስ በርዶት ነበር።
ሌሊቱ ውርጭ ነው፣ ግቢው ድንጋይ ንጣፍ፤
ከሰል ዳር ቢጠጋ፣ ቢክድም በከንፈር ጫፍ፣
በብርዱ ያሳብባል፣ አያጣም ምክንያት።
እኔ ግን ድሬ ነኝ፤
ግድግዳው በሚያልብ፣ በግንቦት ሌሊት፣
ከሰው መሀል ገብቼ የምሞቀው ለምኔ?
«ምን ብርድ አገኘህ?» ቢል፣ ምን ልመልስ እኔ?

ኢዮስያስ መጣ።
በጥምቀት ዋዜማ፣ አንዲት ከበሮ ይዘን፣
እኔ ሲደክመኝ እሱ፣ እሱን ሲደክመው እኔ፣ እየተቀባበልን፣
ከሳቢያን እስከ ከዚራ አቧራ የጠጣን፤
እሱ አንገት ላይ ያለው ማተብ እኔም አንገት ላይ አለ፤
ከአንድ ልቃቂት ክር እናቱ ናት የቆረጠችልን።
ባጃጄ ውስጥ ገብቶ፣ ጎኔ ቁጭ እንዳለ፦

«አቦ አንድ ዙር ብቻ!
ሽቦው ተቆርጧል፣ ከአጥሩ ሥር ተቀብሯል፤
ከድሮው ባቡር ጋራዥ ማን ይጠይቀዋል?
ሃዲዱ ዝጎ አልቋል፣ ፉርጎው ሆኗል የድመት ቤት፣
ለመዳብ ማን ያለቅሳል? እኛ እንብላበት።
ዘበኛው አባ ኑሬ ለሱብሂ ሲነሳ፣
ውዱእ እስኪጨርስ ጭነን ውልቅ! ጣጣ የለው፣ አበሳ።»

ደምሰው ከኋላ ሳቀ፦ «ቄሱ ፈራ መሰል!»
ሌላው ቀጠለበት፦ «ተዉት፣ ሄዶ ለቁልቢ ጃንጥላ ይሳል!»
ሳቃቸው ይጣፍጣል፤ እውነቱን ልናገር፣
አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ከሳቃቸው በቀር
ሌላ ሰፈር የለኝም።

መጀመሪያ ሳቅኩ።
ደግመው ሲጠይቁኝ «ቆይ እስቲ» አልኩ።
ሦስተኛው ሲመጣ ቁልፉ እጄ ላይ ነበር፣
ሞተሩ ተነስቶ፣ ግማሽ ልቤም አብሮ ሲበር፤
ዶሮ ግን አልጮኸም።
ከመጋላ በኩል አዛኑ ተሰማ፤
ከአጥሩ ወዲያ ማዶ አንድ ሽማግሌ፣ በዚያ ጨለማ፣
ጉልበቱን ይዞ ተነሳ። ጣሳው ሲንኳኳ ሰማሁ፣
ውሃው ሲንጠባጠብ፣ እግሩን ሲታጠብ አየሁ።
ለአምላኩ ሊሰግድ ጀርባውን አምኖ ሲሰጠኝ፣
ማተቤ ላብ ጠጥቶ አንገቴን ከረከረኝ።

«አልጭንም» አልኩ።
ድምፄ ቀጭን ነበር፤ የጀግና አይመስልም፤
ቁልፉን ነቅዬ ኪሴ ከተትኩ እንጂ፣ ስብከት አልሰበክኩም።
ኢዮስያስ ኮሌታዬን ያዘኝ፦ «ለሽቦ ብለህ እኛን?»
«ስለ ሽቦ አይደለም።»
ሌላ ቃል አጣሁ። የማውቀው ነገር ግን አንድ ነበር፤
ስሙን በአፌ ይዤ፣ ለእጄ ሌላ ጌታ ላበጅ አልችልም ነበር።

የባጃጄን ሸራ በምላጭ ቀደዱት።
ከዚያ ወዲህ ከኒም ዛፉ ሥር ተራ ስጠብቅ፣
ወሬያቸው ይቋረጣል፣ እንደ ሰፈራችን ውሃ፣ ድንገት።
ማታ ማታ ደቻቱ አሸዋ ላይ ብቻዬን እሄዳለሁ።
አሸነፍኩ አልልም። ይናፍቁኛል። እጸልያለሁ፤
አንዳንዴም እቆጣለሁ።

ትናንት ቀፊራ ላይ አንድ እጅ ተነሳ፤
ኢዮስያስ ነው። እኔ መሆኔን ያወቀው ከገባ ወዲያ ነው።
እስከ ለገሃሬ ቃል አልተነፈሰም፤ በመስታወቱ አየሁት፣ ወደ ውጭ ነው የሚያየው።
ሲወርድ ሒሳብ ከፈለኝ።
ያ የከበሮ ወንድሜ ሒሳብ ከፈለኝ!
አልቀበልም ስለው ብሩን ወንበሩ ላይ ጥሎት ሄደ።
እስካሁን አልነካሁትም።

ለጴጥሮስ ከሰል ሁለቴ ነደደ፤
አንዱ በዚያ ግቢ፣ ሲክድ ፊቱን ሊያበራው፣
ሌላው በባሕር ዳር፣ ዓሣው ተጠብሶ፣ «ና ቁርስ ብላ» ሊለው።
እኔ ከሰል የለኝም፤ በዚህ ሀሩር ማን ይሞቃል?
ከተቀደደው ሸራ ሥር ግን አንድ ወንበር ተርፎኛል።
ሸራውን እሰፋለሁ፤ ወንበሩን ክፍት እተዋለሁ፤
ሳቢያን ቢለኝ፣ ከዚራ ቢለኝ፣ ሌሊትም ቢሆን አደርሰዋለሁ።
ቤቱን አውቀዋለሁ።