ተመላላሽ

ኅዳር ነው፣ ማታ፤ ጌንት ላይ ዝናብ ይጥላል፤
ሦስተኛው ፎቅ ላይ አንድ ክፍል ብቻ መብራት ይዟል።
ስምንት ነን፤ ሁላችን ከሥራ የመጣን፣
ጫማችን እርጥብ ነው፣ እንቅልፍ የቀጣን።

መምህርት ጎደሊቭ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ፣
የታሸገ ብልቃጥ ታነሣለች ከሣጥን ነጥላ፤
በረዶ ውስጥ ስትነክረው፣ ቡናማው ጋዝ ይገረጣል፤
ፍል ውኃ ውስጥ ስትከተው፣ እንደ ዝገት ይደምቃል።
«ላኩት፣ ይሄዳል፤ ጥሩት፣ ይመለሳል» ትላለች።
«ቆመ ባላችሁ ጊዜ ግን፣ ያኔም እየሠራ ነው፤
ሂያጁና መጪው እኩል ቢሆን ነው
የቆመ የመሰለው።»

ከአልስት ጌንት፣ ከጌንት አልስት፣ ዘጠኝ ዓመት ተመላላሽ፤
የቤት ሥራዬም ባቡር ላይ ነው፣ ደብተሬ ጉልበቴ ላይ፣ እርሳሴ ደነዝ፣ ላጲሴ ቁራሽ።
አንድ ሊትር ዕቃ፤ መቶ ዲግሪ ሙቀት፤
ዜሮ ነጥብ አንድ ሞል ቀለም የለሽ ጋዝ ገባበት።
ስድስት መቶኛው ተሰነጠቀ፣ አራት መቶኛ ቀረ፤
አንዱ ሁለት ይሆናልና፣ ቡናማው ዐሥራ ሁለት ላይ አደረ።

የወጣውን ለቀረው አካፈልሁ፤ ሦስት።
ንጹሕ ሦስት! ያለ ነጥብ፣ ያለ ጭራ፣ ያለ ትርፍራፊ።
ደስ አለኝ። አንድ ጣቢያ ሙሉ ደስ አለኝ።
ሜለ ላይ ግን ቀይ እስክሪብቶዋ ከሩቅ ታየኝ፦
«ለመመለስ ሁለት መገጣጠም ይሻል፤
ቡናማው በራሱ ካልተባዛ፣ ማን ከማን ይገናኛል?»

ላጲስ።
ዐሥራ ሁለት በዐሥራ ሁለት፣ መቶ አርባ አራት፤
ነጥቡን አራት ቤት ገፋሁት፣
ለአራት መቶኛ አካፈልሁት፦
ዜሮ ነጥብ ሠላሳ ስድስት።

ያምራል አይባልም። ግን ጋዝ ቢጨምሩበት፣
ዕቃውን ቢያጠቡበት፣ ንቅንቅ የለበት፤
ውስጡ ያሉት ይተራመሳሉ እንጂ፣ ዞረው ያው ቁጥር ላይ ይገባሉ።
ለሙቀት ብቻ ይረታል። ለሌላ ለማንም።

ቬተረን ስንደርስ ዐሥራ አንድ ሰው ወረደ፤
ዐሥራ አንድ ተሳፈረ፤ በሩ ተዘጋ፣ ባቡሩ ነጐደ።
ትኬት ተቆጣጣሪው ብቅ ብሎ ወንበሮቹን ቃኘ፣
«አዲስ ሰው የለም» አለና አለፈ።

አጠገቤ የተቀመጠችውን ያየሁ እኔ ብቻ ነኝ፤
ጃንጥላዋ ገና ያንጠባጥባል፤
ቅድም እዚህ የነበረው ሰውዬ
ደረቅ ነበር።